መኪናውን የማያሳየው ሳጥን

— ወሬ ይዣለሁ።
— አምጪው!
— ወሬው ጭራ አለው፤ ጭራው ላይ ሌላ ጭራ አለው።
— ጎትቺው!

እሺ፣ ልጎትተው።

ቆርኬ በምትባል ከተማ በለጥሻቸው የምትባል ሴት ነበረች። ቦኖ ጠባቂ ናት፤ የሰፈሩ ሰው ጀሪካን ይዞ ሲመጣ ቧንቧውን የምትከፍትለት እሷ ናት። ውሃው ቀጥ ሲል ሌላው ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ ጨዋታውን ይቀጥላል። በለጥሻቸው መቀመጥ አይሆንላትም። ቧንቧውን ተከትላ ሽቅብ ትወጣለች፤ "ማን ነው የያዘው?" እያለች ቤት ለቤት ስትጠይቅ ታንከሩ ጋ ትደርሳለች። አንዳንዱ "ነገር ፈላጊ" ይላታል። እሷ ግን ነገር አትፈልግም፤ ማወቅ ነው የምትፈልገው።

ያን ቀን ማወቅ የፈለገችው አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፦ አባቷን የያዘው መኪና ወደ የትኛው መናኸሪያ ይገባል?

አባቷ አባባ ዘለቀ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ቀኑን ይረሳሉ፤ የበሉትን ይረሳሉ፤ ቤታቸውን ይረሳሉ። በለጥሻቸውን ግን አይረሱም። እሷ እጃቸውን ካልያዘቻቸው ከማንም ጋር አይሄዱም፤ ማንም ካልያዛቸው ደግሞ ዝም ብለው ይሄዳሉ። ለሕክምና አዲስ አበባ ልጃቸው ግዛቸው ዘንድ ከርመው፣ ያን ቀን ማለዳ በአውቶቡስ ወደ ቆርኬ ተሳፍረዋል። ግዛቸው ለረዳቱ አደራ ብሎ ነበር። ሻሸመኔ ላይ ግን አውቶቡሱ ተበላሸ። ተሳፋሪው ወደ አንድ ቅጥቅጥ መኪና ተዛወረ፤ ረዳቱ ከተበላሸው አውቶቡስ ጋር ቀረ፤ አደራውም አብሮት ቀረ። ይህን ረዳቱ ለግዛቸው፣ ግዛቸው ደግሞ ለበለጥሻቸው ደውሎ ነገረ።

ቆርኬ ደግሞ ሁለት መናኸሪያ አላት። ታችኛው ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ ላይኛው ከጉብታው አናት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።

በለጥሻቸው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ታችኛው መናኸሪያ፣ ትኬት ቆራጩ ጋሽ ሸዋንግዛው ዘንድ ደረሰች። ግዛቸው የላከላትን የትኬት ገጽ ስልኳ ላይ ከፈተችው። አናቱ ላይ የአባባ ዘለቀ ስም አለ። ከሥሩ የወንበር ቁጥራቸው አለ። ጎን ላይ የቆርኬ አየር ፀባይ አለ፤ ፀሐያማ ነው ይላል። መሐል ላይ "መኪናው የት ደረሰ?" የሚል ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ክብ ነገር ትዞራለች፤ ሌላ ምንም የለም።

"ጋሽ ሸዋንግዛው፣ የእርስዎ ያሳያል?"

"የኔም እየዞረች ነው" አሏት ስልካቸውን ወደ እሷ አዙረው። "ሾፌሩ በአስፋልቱ ከመጣ እዚህ እኛ ጋ ይገባል። በጠጠር መንገዱ ከዞረ ላይኛው ይገባል። መንገዱን የሚመርጠው እሱ ነው።"

"ታዲያ ይደወልለታ!"

"እየነዳ ስልክ አያነሳም።"

"ባያነሳ ደግ አደረገ" አለች በለጥሻቸው። የሳጥኑን ክብ ለረጅም ጊዜ አየቻት። "ይቺ ዝም ብላ አትዞርም። ይህ ሳጥን ማንን ነው የሚጠብቀው?"

"ሳጥን ሰው ይጠብቃል እንዴ?" ብለው ሳቁ። ቢሆንም ከገጹ ግርጌ ያለውን ስልክ ቁጥር አሳዩዋት።

ደወለች። አዲስ አበባ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሶስና የምትባል ወጣት ምሳዋን እየበላች አነሳችው።

"ሶስና ነኝ፤ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ምን ልርዳዎት?"

"ልጄ፣ በለጥሻቸው ነኝ፣ ከቆርኬ። ሳጥንሽ መኪናውን አያሳይም። ማንን ነው የሚጠብቀው?"

ሶስና ማንኪያዋን አስቀመጠች። በአራት ዓመት ውስጥ ብዙ ሰው ደውሎላታል፤ "አይሠራም" ብሏታል፣ "ተበላሽቷል" ብሏታል፣ ተቆጥቷታል። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

"እትዬ፣ ገጹ አንድ ወጥ አይደለም" አለች። "ከትንንሽ ሳጥኖች የተገጣጠመ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን እርስዎ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሰርቨር የሚባለውን ትልቁን ኮምፒውተር የራሱን መረጃ ይጠይቃል። የስሙ ሳጥን ጠየቀ፣ ተሰጠው። የአየሩ ሳጥን ጠየቀ፣ ተሰጠው። የመኪናው ሳጥን ግን ጠይቆ እንደቆመ ነው። ሰርቨሩ አልሰጠውም።"

"ሰርቨሩስ ማንን ይጠብቃል?"

"ቆይ ልየው…" የኮምፒውተሯ ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማ። "መዝገቡን። መኪኖቹ ያሉበት ቦታ የሚጻፍበት መዝገብ አለ። ሰርቨሩ ጠይቆታል፤ መዝገቡ ባዶ ነው የሚመልስለት።"

እንግዲህ ሳጥኑ አያሳይም፤ ሰርቨሩ አልሰጠውም። ሰርቨሩ አይሰጥም፤ መዝገቡ አልመለሰለትም። በለጥሻቸውም የአባቷን መምጫ አታውቅም።

"መዝገቡስ ማንን ይጠብቃል?" አለች።

ሶስና አሁን ምሳዋን ፈጽማ ረስታዋለች። እሷም ለማወቅ ጓጉታለች። "የሾፌሩ ስልክ በየደቂቃው 'እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ' እያለ ይልካል። መዝገቡ ግን ያልተመዘገበ ሾፌር የላከውን አይቀበልም፤ ከበር ይመልሰዋል። ይኸው! ከሻሸመኔ የወጣው ሾፌር አልተመዘገበም።"

"አንቺ በሩን ብትከፍቺለትስ?"

"እችላለሁ፤ ግን ለሱ ብዬ ስከፍተው ለማንም ተከፈተ ማለት ነው። ለሱ ብቻ እንዲሆን አድርጌ፣ ፈትሼ እስክጨርስ ይመሻል። መኪናው ደግሞ በአሥር ሰዓት ይደርሳል። ሾፌር የምትመዘግበው ሻሸመኔ ያለችው የስምሪት ሠራተኛ ናት፤ ዘይነባ ትባላለች። ላገናኝዎት።"

ስልኩ ጠራ፤ ዘይነባ አነሳች። በለጥሻቸው ሰላምታዋን አሳጥራ ነገሩን ነገረቻት፦

"ሳጥኑ አያሳይም፤ ሰርቨሩ አልሰጠውም። ሰርቨሩ አይሰጥም፤ መዝገቡ አልመለሰለትም። መዝገቡ አይመልስም፤ ሾፌሩ አልተመዘገበም። እኔም የአባቴን መምጫ አላውቅም። አንቺስ እህቴ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?"

"የገመቹን መንጃ ፈቃድ!" አለች ዘይነባ። "ሾፌሩ ገመቹ ነው። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ አሳዘነኝና ሂድ አልኩት። መንጃ ፈቃዱን ቤት ረስቶታል፤ የታደሰው ትናንትና ነው፤ አዲሱን ቁጥር በቃሉ አያውቀውም። እኔ ደግሞ ያለ ቁጥር ሰው አልመዘግብም፤ ልመዝግብ ብልም ኮምፒውተሩ እንቢ ይለኛል።"

"መንጃ ፈቃዱ ቤት ውስጥ የት ነው?"

"ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው ብሎኛል። ሚስቱ አያንቱ እቤት አለች። ቁጥሯ አለኝ።"

ሶስና አያንቱንም ጠራቻትና አራቱን ስልክ በአንድ መስመር አገናኘችው። ጋሽ ሸዋንግዛው ትኬት መቁረጡን ትተው በመስኮቱ ብቅ አሉ፤ ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ጆሯቸውን ወደ በለጥሻቸው ስልክ አስጠጉ።

"እህቴ አያንቱ" አለች በለጥሻቸው፣ "አታውቂኝም፤ ግን ስሚኝ። ሳጥኑ አያሳይም፤ ሰርቨሩ አልሰጠውም። ሰርቨሩ አይሰጥም፤ መዝገቡ አልመለሰለትም። መዝገቡ አይመልስም፤ ሾፌሩ አልተመዘገበም። ዘይነባ አትመዘግብም፤ መንጃ ፈቃዱን አላገኘችም። መንጃ ፈቃዱ ባልሽ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። ኮቱን አንሺና ቁጥሩን አንብቢልን።"

"ውይ!" አለች አያንቱ። "ኮቱ እንኳ አለ። አይነሳም እንጂ።"

"ኮት እንዴት አይነሳም?"

"ድመቷ ወልዳበታለች! ዛሬ ጠዋት። አራት።"

"አራት!" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው ለራሳቸው።

"ቀስ ብለሽ ገፋ ብታደርጊያትስ?" አለች ሶስና።

"እጄን ብታዪው እንዲህ አትይም። ሁለቴ ሞክሬ ከጣቴ እስከ ክርኔ ቧጭራኛለች። ደግሞ አራስ ናት፤ አስደንግጫት ልጆቿን ብትተውስ?"

"እሺ፣ ድመቷስ ማንን ትጠብቃለች?" አለች በለጥሻቸው። ይህን ያለችው እየቀለደች አልነበረም፤ ሰዓቱን እያየች ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው።

"ወተት። ከድሮም ወተት ካልሸተታት ከተኛችበት አትነሳም። እንጀራ ፈትፍቼ ሰጠኋት፣ ፊቷን አዞረች።"

እንግዲህ ሳጥኑ አያሳይም፤ ሰርቨሩ አልሰጠውም። ሰርቨሩ አይሰጥም፤ መዝገቡ አልመለሰለትም። መዝገቡ አይመልስም፤ ሾፌሩ አልተመዘገበም። ዘይነባ አትመዘግብም፤ መንጃ ፈቃዱን አላገኘችም። መንጃ ፈቃዱ አይወጣም፤ ኮቱ አልተነሳም። ኮቱ አይነሳም፤ ድመቷ አልተነሳችም። ድመቷ አትነሳም፤ ወተት አላገኘችም። በለጥሻቸውም የአባቷን መምጫ አታውቅም።

"ታዲያ ወተት ስጫት!"

"ወተት የለኝም።"

"ሱቅ?"

"ሱቅ የለም።"

"ጎረቤትስ?"

አያንቱ እስክትመልስ ዘይነባ አላስቻላትም።

"ሽቱ የምትባለው ጎረቤቷ የምትታለብ ላም አላት። ግቢያቸው አንድ ነው፤ በራቸው ፊት ለፊት ነው።"

"ዘይነባ!" አለች አያንቱ።

"ታዲያ ልዋሽ? ባልሽ በየቀኑ ነው የሚያወራኝ። ሁለቱ ከተኳረፉ ሦስት ወራቸው ነው፤ የአያንቱ አንሶላ ከሽቱ ገመድ ላይ ወድቆ ጭቃ ነካው፤ ማን ጣለው፣ ማን አልጣለውም ተባባሉ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሰላምታ የላቸውም።"

"እሷ ናት የጣለችው" አለች አያንቱ በቀጭን ድምፅ። "ሄጄ በሯን አላንኳኳም። ሌላ ያላችሁትን ሁሉ አደርጋለሁ፤ እሱን ግን አላደርግም።"

ጋሽ ሸዋንግዛው ራሳቸውን ነቀነቁ። በለጥሻቸው ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

"አያንቱ፣ ያንሶላውን ነገር አላውቀውም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ነገር ማወቅ እወዳለሁ። ሌላ ቀን ደውዬ ከሥሩ ትነግሪኛለሽ፤ ዛሬ ጊዜ የለኝም። ባልሽ የሚነዳው መኪና ውስጥ አባቴ አሉ። ይረሳሉ። ሲወርዱ እኔ ካልያዝኳቸው ዝም ብለው ይሄዳሉ። አምና ሁለት ቀን ሙሉ ፈልገን ወንዝ ዳር ነው ያገኘናቸው፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠው። ውሃው እግራቸው ሥር ነበር። አንድ እርምጃ ነበር የቀራቸው። እኔ ሁለት መናኸሪያ ላይ መቆም አልችልም፤ አንድ ነኝ።"

ከአያንቱ በኩል የነጠላ ጫማ ድምፅ ተሰማ። ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ አለና ቆመ። ሶስና ከወንበሯ ተነስታ ቆመች። በመጨረሻ የቆርቆሮ በር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

"አያንቱ።"

በሩ ሲበረገድ ግድግዳውን መታው።

"ወተት ፈልጌ ነበር" አለች አያንቱ። "ለድመቷ ነው።"

"ወለደች እንዴ?"

"አራት።"

"አራት! እኔ እኮ ሆዷን በበሩ ቀዳዳ አይቼ ሦስት ነው ብዬ ነበር። ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል?"

"አሁን አልገባም ሽቱዬ፤ ስልክ ላይ ሰው እየጠበቀኝ ነው። የሰው አባት ሊጠፋ ነው።"

"ታዲያ ይህን አስቀድመሽ አትናገሪም!" አለች ሽቱ። ጣሳ ሲንኳኳ ተሰማ፤ አሁን ሁለት ጥንድ ጫማ እየተከታተለ ሮጠ።

ከዚህ በኋላማ ማን ያቆመዋል?

አያንቱ ሽቱን አናገረች፤ ሽቱ ወተቱን ቀዳች። ወተቱ ድመቷን ሸተታት፤ ድመቷ ከኮቱ ተነሳች። ሽቱ ግልገሎቹን አንድ በአንድ ወደ ቀሚሷ አዛወረች፤ አያንቱ ኮቱን አነሳች። ኮቱ ኪሱን ሰጠ፤ ኪሱ መንጃ ፈቃዱን ሰጠ። አያንቱ ቁጥሩን አነበበች፤ ዘይነባ "ድገሚው" አለች፤ ደገመችው። ዘይነባ ሾፌሩን መዘገበች፤ መዝገቡ በሩን ከፈተ። የገመቹ ስልክ "እዚህ ነኝ" አለ፤ መዝገቡ ጻፈው። መዝገቡ ለሰርቨሩ መለሰ፤ ሰርቨሩ ለሳጥኑ ሰጠ። ክቧ መዞሯን አቆመች፤ ሳጥኑም አሳየ፦

ጠጠር መንገድ። ላይኛው መናኸሪያ። ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል።

"ላይኛው!" ብለው ጮኹ ጋሽ ሸዋንግዛው። በመስኮቱ በኩል እጃቸውን አውጥተው ባጃጅ አስቆሙ። በለጥሻቸው "እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም" ያለችው ባጃጁ ውስጥ ሆና ነው፤ ግማሹን ሞተሩ ዋጠው።

ባጃጁ ጉብታውን ሲወጣ ሶስና አዲስ አበባ ላይ ሆና ነጥቧን በዓይኗ ተከተለቻት። ነጥቧ በጠጠር መንገዱ ላይ ትንሽ ትንሽ እያለች ትሄዳለች። ሶስና ማስታወሻ ደብተሯን አነሳችና ጻፈች፦ "ክቧን ማውጣት። ሳጥኑ ማንን እንደሚጠብቅ በግልጽ ይናገር። ሾፌር አልተመዘገበም ከሆነ፣ አልተመዘገበም ይበል፤ የዘይነባን ስልክ ይስጥ።" እሱን ሳትጨርስ የማንንም ስልክ እንደማታነሳ ለባልደረቦቿ ነግራ ተቀመጠች። የቀዘቀዘ ምሳዋን የበላችው ማታ ላይ ነው ይባላል።

ላይኛው መናኸሪያ ቅጥቅጡ አቧራውን አስነስቶ ገባ። በለጥሻቸው ከባጃጁ የዘለለችው ገና ሳይቆም ነው። ከመኪናው አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ወረደች። አንድ ሰው ማዳበሪያ ተሸክሞ ወረደ። ሁለት ወታደሮች ወረዱ። ከዚያ አባባ ዘለቀ ወረዱ፤ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ አጥሩን ተከትለው ቁልቁል መሄድ ጀመሩ።

"አባባ!"

አልቆሙም። አንዱ ሾፌር "አባት፣ ይጠሩዎታል" ብሎ ክንዳቸውን ሊነካ ሲል እጃቸውን መነጨቁ። በለጥሻቸው ሮጣ ደረሰችባቸውና ያንኑ እጅ ያዘችው። አባባ ዘለቀ መጀመሪያ እጇን አዩ። ቀጥለው ፊቷን አዩ። ትከሻቸው ወረደ።

"በለጡ" አሏት። "ደክሞኛል።"

"አውቃለሁ አባባ። ቤት እንሂድ።"

ሻንጣቸውን ተቀበለቻቸው። ባጃጅ አልፈለጉም፤ በእግር ይሁን አሉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ቁልቁለቱን ጀመሩት።

"አውቶቡሱ ተበላሸብን" አሉ ትንሽ እንደሄዱ። "ኋላ በመርከብ መጣን።"

"በመርከብ?" አለች በለጥሻቸው። ዓይኖቿ እርጥብ ነበሩ፤ ግን ማወቅ ፈለገች። "ትልቅ መርከብ ነው?"

"መካከለኛ ነው። ግን ማዕበሉ! እስከ ጣሪያ ነው የሚያነጥረው።"

"ማዕበሉ ከየት ተነሳ?"

"እሱን ልንገርሽ" አሉ አባባ ዘለቀ፣ እጇን ጠበቅ አድርገው።

ቤት እስኪደርሱ እሷ ጠየቀች፤ እሳቸውም ቤት እስኪደርሱ መለሱላት።

— ጭራውስ?
— አለቀ፤ ከዚህ ወዲያ የሚጎተት የለም።